ድርቅና ጎርፍ በአንድ ወቅት፦ የ2022–23 የዳክዬ አደን በሳክራሜንቶ ሸለቆ የሕዝብ መሬት

የካሊፎርኒያ የዳክዬ አደን ኦክቶበር 22 ቀን 2022 ሲከፈት የሳክራሜንቶ ሸለቆ በድርቅ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ሲዘጋ ደግሞ ያው ሸለቆ በላይ በላዩ የወረደበት ዝናብ ገና አልሸሸለትም። በሦስት ወር ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ዳክዬው የሚውልበት ቦታ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። የራሱ ኩሬ፣ የራሱ ማሳ ወይም የክበብ አባልነት ለሌለው አዳኝ ከዚህ ወቅት የተሻለ መማሪያ አይገኝም፤ የአምናን ቦታ ማስታወስ ለምን እንደማይበቃ ከሁለቱም አቅጣጫ ያሳያል። (እዚህ ዓመቱና ወሩ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በሀበሻ አቆጣጠር ነው።)

መሬቱ

ከአላስካና ከካናዳ በፓስፊክ በኩል ወደ ደቡብ ከሚፈልሰው የውሃ ወፍ ስድሳ ከመቶ የሚሆነው ብርዱን የሚያሳልፈው በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ነው። ከሸለቆው ጥንታዊ ረግረግ ግን ዘጠና ከመቶ በላይ ታርሶ አልቋል። ስለዚህ ወፉ በተረፈችው ረግረግና በሩዝ ማሳ ላይ ይኖራል። የሩዙ ነገር የመጣው በ1991 በወጣ ሕግ ነው። አጨዳ ሲያልቅ ገለባ ማቃጠል ቀስ በቀስ እንዲቀር ሲታዘዝ ገበሬው ገለባውን ለማበስበስ ማሳውን በውሃ መሙላት ጀመረ። በውሃው ውስጥ የቀረው የረገፈ ሩዝ ለዳክዬ ግብዣ ሆነለት። በደህና ዓመት ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ የሩዝ ማሳ በብርድ ወራት ውሃ ይተኛበታል።

ሩዙም ሆነ የአደን ክበባቱ ኩሬ የግል ነው። የሕዝቡ መሬት በመካከላቸው እንደ ደሴት ተበታትኖ ይገኛል። ከሳክራሜንቶ ከተማ በአይ-5 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲነዳ ዊሎውስ ከተማ ሳይደረስ በ1937 የተቋቋመው የሳክራሜንቶ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፤ ስፋቱ 4,300 ሄክታር ገደማ ነው። ማክስዌል አጠገብ ዴለቫን (1962)፣ ኮሉሳ ከተማ አጠገብ ኮሉሳ (1945)፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ሰተር (1945) ይገኛሉ። አራቱም የፌዴራል ናቸው። ግሪድሊ አጠገብ ያለው ግሬይ ሎጅ የክፍለ ግዛቱ ነው።

አዲስ ሰው ካርታ ሲያይ የሚስተው አንድ ነገር አለ። መጠለያ ማለት በመጀመሪያ የወፉ ማረፊያ ነው። ለማረፊያነት በተገዙ እንዲህ ባሉ መጠለያዎች ለፍልስ ወፍ አደን የሚከፈተው በሕግ ከ40 ከመቶ አይበልጥም። የቀረው ጥብቅ ክልል ነው፤ ሰው አይገባበትም፣ ጥይት አይተኮስበትም። ዳክዬው ይህን ለመማር ጊዜ አይፈጅበትም። ቀን ጥብቁ ክልል ውስጥ ይተኛል፣ ሲመሽ ወደ ሩዝ ማሳ ይወጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። አዳኙ የሚፈልገው ቦታ የሚገኘው በዚህ ምልልስ መንገድ ላይ ነው። ሺህ ወፍ ቁጭ ብሎ የሚታይበት ኩሬ ዝም ብሎ ደስ የሚል እይታ ሊሆን ይችላል።

መግቢያው

በእነዚህ መጠለያዎች አደን የሚፈቀደው ቅዳሜ፣ እሑድና ረቡዕ ብቻ ነው። የሚገባው ሰው ቁጥር በኮታ የተወሰነ ሲሆን ሁሉም በመግቢያው ኬላ ያልፋል። በኬላው ሦስት ዓይነት ተራ አለ።

አንደኛው ሪዘርቬሽን ነው። ከአደኑ ቀን 17 ቀን በፊት ማመልከቻ ይገባል፣ በኮምፒዩተር ዕጣ ይወጣል፣ ለወጣለት ሰው ቁጥር ይደርሰዋል። ቁጥር 1 ከሁሉ ቀድሞ ይመርጣል፤ ቁጥር 30 ሌሎች የተዉትን ይወስዳል። ሁለተኛው በዋዜማው ምሽት የሚወጣ ዕጣ ነው። ሦስተኛው ተራ ወረፋ ነው፦ የፊተኞቹ ከገቡ በኋላ ኮታ ከተረፈ በአመጣጥ ቅደም ተከተል ይሰጣል። ኮታው ከሞላም ወዲያ አንድ ሰው አድኖ ሲወጣ ከወረፋው አንድ ሰው ይተካል።

ሪዘርቬሽን ያለው ሰው ኬላው በወሰነው ሰዓት ካልደረሰ ቅድሚያውን ያጣል። መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽበትም ያው ነው።

ሦስቱን ተራዎች ለአንድ ዓላማ መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው። ከ17 ቀን በፊት ነፋስ ይኑር አይኑር፣ ጉም ይውረድ አይውረድ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሪዘርቬሽን የሚያስፈልገው አየሩ ምንም ቢሆን ሰው ለሚበዛበት ቀን ነው፤ የመክፈቻው ቅዳሜና እሑድ፣ የዲሴምበር በዓላት ሰሞን። የሰሜን ነፋስ የሚነፍስበት ቀን የሚያዘው በዋዜማው ዕጣና በወረፋ ነው፣ የአየር ትንበያው በዚያን ጊዜ አስተማማኝ ነውና። ከሦስቱ ቀናት ረቡዕ ሠራተኛው ሥራ ላይ ስለሚሆን ለወረፋ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

የጠዋቱን ተራ ያጣ ሰው ተስፋ ቆርጦ መመለስ የለበትም። ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ይበርደዋል፣ ይርበዋል፣ ወይም የሚፈቀድለትን የወፍ ቁጥር ሞልቶ ይወጣል። በዚያን ጊዜ የሚገባ ተተኪ ጥሩ መደበቂያ ባዶ ሆኖ ሊያገኝ ይችላል። በተለይ ጉም በወረደበት ቀን ወፉ የሚንቀሳቀሰው ጉሙ ሲገፈፍ ስለሆነ ዘግይቶ የገባው ሰው ከቀደመው ሊሻል ይችላል።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ የአደን ትምህርት ወስዶ የተገኘ የካሊፎርኒያ የአደን ፈቃድ፣ የክፍለ ግዛቱ የዳክዬ ማረጋገጫ፣ የፍልስ ወፍ መመዝገቢያ ማረጋገጫ፣ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብር (25 ዶላር)፣ በላዩም የመጠለያው መግቢያ ፓስ ያስፈልጋል። የወረቀቱ ቴምብር ላይ በብዕር ያልፈረመ ሰው ቴምብር እንደሌለው ይቆጠራል፤ በዚህ ብቻ የሚቀጣ ሰው አለ። ለስደተኛ የሚጨመር ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠብመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ የተከለከለ ሲሆን፣ በሕጋዊ መንገድ ያወጣው የአደን ፈቃድ በእጁ ካለ ሕጉ ልዩ ሁኔታ ያደርግለታል።

ኦክቶበር፦ ውሃ የለም

የሸለቆው ውሃ በብዛት የሚመጣው ከሻስታ ግድብ ነው። በ2022 ከሳክራሜንቶ ወንዝ ቀዳሚ የውሃ መብት ላላቸው የመስኖ ድርጅቶች የተሰጣቸው ከውላቸው 18 ከመቶ ብቻ ነበር። የተዘራው ሩዝም ከወትሮው ግማሽ ያህል ሆነ፤ ከ200,000 ሄክታር ገደማ ወደ 100,000 ሄክታር ገደማ ወረደ። ያ ግማሽም ቢሆን ከአጨዳ በኋላ ገለባ ማበስበሻ ውሃ በቀላሉ አላገኘም። ወደ ሰሜን፣ በኦሪገን ድንበር ያሉት የክላማዝ መጠለያዎች ለወፉ የመንገድ ማረፊያ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሎወር ክላማዝ በ1908 የተከለለ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ወፍ መጠለያ ነው። እነሱም በዚያ ዓመት ደርቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ለመጠለያዎቹ ውሃ እንዲሰጥ የሚያዝ የ1992 የፌዴራል ሕግ አለ። መሠረታዊ ድርሻቸው እጅግ ደረቅ በሆነ ዓመት እንኳ ከ25 ከመቶ በላይ አይቆረጥም። በዚህ የተነሣ ማሳው ሲደርቅ መጠለያው ጨርሶ አይደርቅም። ሆኖም የመጠለያው ክፍሎች (በክትር የተለያዩ ኩሬዎች) በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ይሞላሉ፤ ውሃ ያልደረሰው ክፍል ለአደን አይከፈትም፣ ኮታውም በዚያው ልክ ያንሳል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያሰላል፦ ውሃው ካነሰ ዳክዬው ባለችው ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ መጠለያ መግባት ብቻ ይበቃል። ግማሹ እውነት ነው። መከማቸቱን ይከማቻል፤ የሚከማቸው ግን ጥብቁ ክልል ውስጥ ነው። በደህና ዓመት ወፉ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቀኑን ሙሉ በአዳኙ ላይ ያልፋል። በድርቅ ዓመት የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለሌለው ሳይንቀሳቀስ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ይበላል፣ ሌሊት ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ስለሚያድር ጠዋት ላይ ጭራሽ አይነሣም። አዳኙ ሰማይ የሚያጨልም ወፍ በሩቁ እያየ ሁለት ዳክዬ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ በድርቁ ወራት የሚያዋጣው ቦታ ሁለት ምልክት ነበረው። የመጀመሪያው ውሃው አዲስ መሆኑ ነው። አንድ ክፍል ውሃ በገባበት ሳምንት ዘሩ ገና አልተበላም፣ ሰውም ገና አልረገጠውም፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ያልቃሉ። ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። ፒንቴይል፣ ማላርድና ቲል የሚባሉት የዳክዬ ዝርያዎች አይጠልቁም፤ ጭንቅላታቸውን ደፍተው ጅራታቸውን ሰቅለው ነው የሚበሉት። ለእነሱ የሚመቸው ከ10 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር እምብዛም ያልበለጠ ውሃ ነው። ጉልበት የሚያልፍ ውሃ ለመዋኛ እንጂ ለምግብ አይሆናቸውም። ወገብ ድረስ የሚያስገባ ሰፊ ኩሬ መርጦ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

መጨናነቁ በሽታም ያመጣል። በ2020 በክላማዝ በሞቀና በቀነሰ ውሃ ላይ የተነሣው ቦቱሊዝም 60,000 ገደማ ወፍ ፈጅቷል። በ2022 ጁላይ ላይ ደግሞ የወፍ ጉንፋን በካሊፎርኒያ የዱር ወፎች ላይ ተገኘ። የታመመ የሚመስል ወይም ሞቶ የተገኘ ወፍ አይነሣም። የተገደለው በጓንት ይገፈፋል፣ ሥጋው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይበስላል።

ውሃውን ከቤት ሆኖ ማየት

መጠለያዎቹ በወቅቱ የትኛው ክፍል ውሃ እንደገባበት ያስታውቃሉ። ማስታወቂያው ግን ስለ ራሳቸው መሬት ብቻ ነው። አዳኙ ማወቅ ያለበት በዙሪያው ያለውንም ነው፤ ወፉ ማታ የሚወጣው ወደዚያ ነውና። ለዚህ ከሳተላይት ምስል የተሻለ መሣሪያ የለም፣ ያውም በነጻ።

የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በአምስት ቀን አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋል፤ ምስሉ በ10 ሜትር ነጥብ ነው። ምስሉን በተፈጥሮ ቀለሙ ማየት ያሳስታል፦ እርጥብ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ አንድ ይመስላሉ። የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ያለበት የቀለም ቅንብር ሲመረጥ ግን ውሃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ደረቅ ገለባ ይነጣል፣ እርጥብ ጭቃ በመካከል ይሆናል። የሁለት ተከታታይ ሳምንት ምስል ጎን ለጎን ሲታይ የትኛው ማሳ አዲስ እንደጠቆረ ወዲያው ይለያል። አዲስ የጠቆረው ማሳ ከመጠለያው በስተ ምሥራቅ ከሆነ ወፉ ማታ በምሥራቅ በኩል ይወጣል፤ አዳኙም ከጥብቁ ክልል በስተ ምሥራቅ ያለውን ክፍል ይመርጣል።

ዲሴምበር ላይ ይህ ዘዴ ይቸገራል። የሸለቆው ጉም እንደ ነጭ ጋቢ መሬቱን ሸፍኖ ለሳምንት ሊተኛ ይችላል። በዚያን ጊዜ ራዳር የሚጠቀመውን ሴንቲኔል-1 ማየት ነው፤ በጉምም በደመናም ያልፋል፣ ረጋ ያለ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታይበታል። ነፋስ ያለበት ቀን ምስል ግን አይታመንም፤ የሚናወጥ ውሃ ራዳሩን ስለሚመልስ ደረቅ መሬት መስሎ ይወጣል።

የኬላውን ቁጥር ማንበብ

አዳኝ ሲወጣ የገደለውን በኬላው ያስመዘግባል። የክፍለ ግዛቱ የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይህን በየአደን ቀኑና በየቦታው ለሕዝብ ያወጣዋል፦ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ዳክዬ፣ ስንት ዝይ፣ ለአንድ ሰው በአማካይ ስንት። ብዙ ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን አማካይ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከሚጠቅመው ይልቅ ያሳስተዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ አምና በአንድ ቅዳሜ 100 ሰው ገብቶ 200 ዳክዬ ቢገድል አማካዩ 2 ነው። ዘንድሮ ውሃ ስላነሰ 40 ሰው ብቻ ገብቶ 120 ቢገድል አማካዩ 3 ይሆናል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ቦታው ተሻለ ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ጠቅላላው ወፍ ቀንሷል፣ የመግባት ዕድል ከግማሽ በታች ወርዷል፣ የገቡትም የተሻሉት መደበቂያዎች ላይ ናቸው። በድርቅ ዓመት መታየት ያለበት የሰው ብዛትና አማካዩ አብረው ነው።

ከዚያ የዝርያው ዝርዝር ይታያል። አብዛኛው የተገደለው ሾቨለር የሚባለው ዳክዬ ከሆነ ማላርድ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ያ አማካይ ትርጉም የለውም። ከዚያ የመክፈቻው ቀን ከስሌት ይወጣል፤ ያን ቀን ያልተተኮሰበት ወፍ ነው የሚገባው፣ ሁልጊዜም ከፍ ይላል። በመጨረሻ ቁጥሩ ከዚያ ቀን ነፋስ ጋር ይነጻጸራል። ነፋስ በሌለበት ቀን ደህና ቁጥር ያስመዘገበ ቦታ፣ በዐውሎ ነፋስ ቀን ትልቅ ቁጥር ካስመዘገበው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ጃንዋሪ፦ ውሃ በየቦታው

ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ዘጠኝ ከባድ የዝናብ ማዕበሎች ካሊፎርኒያን ተከታትለው መቱ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የግጦሽ መስኩ፣ የታረሰው ማሳ፣ የአትክልቱ ሥፍራ ሳይቀር ስስ ውሃ ተኛበት። ለዳክዬ ደግሞ ስስ አዲስ ውሃ ማለት ትል፣ የሣር ዘርና ያልተነካ ምግብ ነው። ለሦስት ወር በመጠለያ ውስጥ ተጨናንቆ የከረመ ወፍ በአንድ ሌሊት ይበተናል። በድርቁ ወራት ሲያዋጣ የነበረው የጥብቅ ክልል ዳርቻ ባዶ ይሆናል። ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ወፉ ወደ ደቡብ ሄዷል ብሎ ያስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እዚያው አካባቢ፣ ሰው በማይደርስበት የግል መስክ ላይ ነው ያለው።

የትኛው የሕዝብ መሬት በጎርፍ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ምክንያቱም የሸለቆው የጎርፍ መከላከያ የሚሠራው በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው። የሳክራሜንቶ ወንዝ ሲሞላ በዳርቻው በተሠሩ ዝቅ ያሉ ግድቦች ላይ እየፈሰሰ ወደ ማስተንፈሻ ሜዳዎች ይገባል። ሞልተንና ኮሉሳ የሚባሉት ወደ ቢዩት ተፋሰስ ያፈስሳሉ፣ ቲስዴል ወደ ሰተር ማስተንፈሻ፣ ፍሪሞንት ወደ ዮሎ ማስተንፈሻ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈሰው ቲስዴል ነው። የሰተር መጠለያ አብዛኛው ክፍል ደግሞ የሚገኘው እዚያው ማስተንፈሻው ውስጥ ነው፤ ቲስዴል ሲፈስስ በስንዝር ይለካ የነበረው ውሃ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ፍሪሞንት ሲፈስስ ዮሎ ላይ ያለው የክፍለ ግዛቱ የአደን መሬት ይዘጋል። የወንዙን ከፍታ የክፍለ ግዛቱ የውሃ መለኪያ ጣቢያዎች በየሰዓቱ ያወጣሉ፤ የቲስዴልን መለኪያ ሳያይ ሰተር ላይ ዕጣውን የሚያባክን ሰው ራሱን ይውቀስ።

በጎርፍ ሰሞን ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ከማስተንፈሻው ውጭ ያሉትንና ውሃቸው በቦይና በክትር የሚቆጣጠረውን ሳክራሜንቶን፣ ዴለቫንንና ኮሉሳን ይዞ የሰሜን ነፋስ መጠበቅ ነው። ማዕበል ካለፈ በኋላ በማግሥቱ ሰማዩ ጠርቶ ከሰሜን ይነፍሳል፤ በሜዳ ላይ የተበተነው ወፍ ከነፋሱ መከለያ ፍለጋ ፊላ ወዳለበት ኩሬ ይመለሳል። ሁለተኛው ውሃው መሸሽ ሲጀምር ከዳርቻው ጋር አብሮ መሄድ ነው። ትናንት አንድ ሜትር የነበረው ዛሬ ስንዝር የሆነበት መስመር ላይ ወፉ ይሰለፋል፣ መስመሩም በየቀኑ ይንቀሳቀሳል።

ኬላውን ካለፉ በኋላ

ቦታ የተገኘው ኬላው ላይ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ሥራ የሚቀረው እዚያ ክፍል ውስጥ የት እንደሚቆሙ መምረጥ ነው። አንዳንዱ ክፍል በቁጥር የሚሰጥ መደበቂያ አለው፣ አንዳንዱ የተመደበ ኩሬ ነው፣ አንዳንዱ የገባ ሰው እንደፈለገ የሚዘዋወርበት ነው።

ነፋስ ያለበት ቀን መታወስ ያለበት ይህ ነው፦ ዳክዬ ነፋስን ተቃውሞ ሲበር ዝቅ ይላል፣ ነፋሱ ከመሬት አጠገብ ስለሚደክም፤ ነፋስ ከኋላው ሲሆን ከፍ ብሎ ይወነጨፋል። ስለዚህ የሰሜን ነፋስ ሲኖር ከጥብቁ ክልል በስተ ሰሜን ያለ ቦታ ከደቡቡ ይመረጣል። ሲያርፍም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። አዳኙ ነፋሱን ከጀርባው ወይም ከጎኑ አድርጎ ይቀመጣል፣ ማባበያ የፕላስቲክ ዳክዬዎቹን ከፊቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቀት ይበትናል፣ በመካከላቸውም ማረፊያ ባዶ ውሃ ይተዋል። ከ12 እስከ 24 ማባበያ ይበቃል። እያንዳንዱን ጭቃ ለጭቃ፣ በክትር ላይ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በጀርባ ወይም በእጅ ጋሪ እንደሚሸከሙት ማሰብ ነው።

ለጥብቁ ክልል ድንበር መጠጋት ጥሩ ነው፣ እላዩ ላይ መለጠፍ ግን ኪሳራ ነው። ተመትቶ ከድንበሩ ማዶ የወደቀን ወፍ ገብቶ ማምጣት አይቻልም። መትቶ መተው ደግሞ በሕጉም የሚያስጠይቅ፣ በሰውም ዘንድ የሚያስነውር ነው። ወፉ ቢወድቅ ወደ ማዶ የማይንሸራተትበትን ርቀት መተው ያስፈልጋል፤ ነፋሱ ወደ ጥብቁ ክልል የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ።

በእነዚህ መሬቶች አንድ ሰው ወደ ሜዳው ይዞ የሚገባው ጥይት ከ25 አይበልጥም። ሾትገኑ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ እንዳይጎርስ ይደፈናል። ለውሃ ወፍ የእርሳስ ጥይት በመላ አገሪቱ ከ1991 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ፍሬው ብረት ይሆናል፤ ለዳክዬ ቁጥር 2፣ 3 ወይም 4። ብረት ከእርሳስ ይቀልላል፣ ቶሎም ኃይሉ ይደክማል፤ ከ35 ሜትር በላይ መተኮስ ጥይት መጨረስና ወፍ ማቁሰል ነው። በሕዝብ መሬት ላይ ጎረቤትን የሚያስቆጣው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፦ ከፍ ብሎ የሚዞርን መንጋ ያለ ርቀቱ ተኩሶ ለሁሉም ማባረር።

በ2022–23 የቀን ኮታው ሰባት ዳክዬ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሴት ማላርድ ከሁለት፣ ፒንቴይል ከአንድ አይበልጥም። ፒንቴይል በሸለቆው እጅግ ከሚበዙት ዳክዬዎች አንዱ ስለሆነ በዚያ ወቅት አንዷ ከተገደለች በኋላ ሌላውን ለይቶ ማሳለፍ ግድ ነበር፤ ረጅም አንገትና ሹል ጅራት ያየ ጣቱን ከቃታው ያነሣ ነበር። (ይኸው ፒንቴይል ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሰው ወገኑ በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ብርዱን ያሳልፋል።) ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የዓመቱን መመሪያ ማንበብ ነው። ነጭ ዝይ የሚያድን ሰው የክንፉን ጫፍ ይመልከት፦ ጥቁር ከሆነ ዝይ ነው፣ እስከ ጫፉ ነጭ ሆኖ አንገቱ ከረዘመ ስዋን ነው፣ በካሊፎርኒያም አይነካም።

የተገደለ ወፍ ቤት እስኪደርስ ዝርያው እንዲለይ ላባው ያልተነካ አንድ ክንፍ ወይም ጭንቅላቱ አብሮት መቆየት አለበት፤ ሜዳ ላይ ሙሉ በሙሉ መገንጠል ያስቀጣል። በእኛ ዘንድ ብዙ ምእመን ዳክዬ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ለስፖርቱ ብቻ የሚሄድ ሰው የሚወስድለትን ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅ፣ በስጦታ የተሰጠ ወፍም ያደነው ሰው የፈረመበት ወረቀት ይፈልጋል።

ከወቅቱ በኋላ

የሚቀጥለው ዓመት ቦታ የሚወሰነው ክፍሎቹ በሚደርቁበትና በሚጠጡበት ጊዜ ነው። በፀደይ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል፣ ውሃው ሲለቀቅ በጭቃው ላይ ጥቃቅን ዘር የሚሰጥ ሣር ይበቅላል፤ እሱ የሚፈልገው በወቅቱ መድረቅ ብቻ ነው። ፍሬው የሚበዛው የውሃ ሣር ግን በበጋው አጋማሽ እንደገና መጠጣት አለበት። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ የበጋ መስኖ ስለሆነ፣ በ2022 ኦክቶበር ውሃ የገባባቸው ክፍሎች እንኳ ምግባቸው እኩል አልነበረም። ጁን እና ጁላይ ላይ የሳተላይቱን ምስል የሚከፍት ሰው በደረቀ ሜዳ መካከል ለጥቂት ቀን ጠቁረው እንደገና አረንጓዴ የሆኑትን ክፍሎች ያያል። የእነዚያን ክፍሎች ቁጥር መዝግቦ መያዝና ማመልከቻ ሲከፈት ከእነሱ መጀመር ነው።